የኮሌታው ቀይ ክር

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለእቴቴ፣

እንደምን ከረሙ? ሳንባዎስ? ሐኪሙስ ምን ይላል? እኛ ጋ ሁሉም ደህና ነው። ካውያው ደህና ነው፣ ማሽኗም ከማጓራቷ በቀር ደህና ናት። እርስዎ ሐኪም ቤት ከገቡ ወዲህ ግን የላውንደሪው እንፋሎት ፀባዩን ቀይሯል። ድሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ጣሪያው ሲወጣ የእርስዎን ጉሮሮ ጠረጋ ይዞ ነበር የሚወጣው። አሁን ዝም ብሎ ይወጣና መስኮቱ ላይ ይተኛል፤ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጥላ ይመስለኛል። አንዳንዴ ከጥላዎቹ አንዷ እርስዎ ይሆኑና በሩን የሚከፍቱ እየመሰለኝ ቀና እላለሁ።

«የክሩን ሕግ ትጠብቂያለሽ ወይ» ብለው ለጠየቁኝ፣ እጠብቃለሁ። እንደማያምኑኝ ስለማውቅ እንደ መጀመሪያው ቀን ቀጥ ብዬ ቆሜ ልድገመው። ደንበኛ ሰላም ሳይል ከገባ፣ ከኮሌታው ስር በማጅራቱ በኩል፣ የልብስ ተኳሽ ግራ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ በቀይ ክር አንድ ስፌት። ከተሳደበ ሁለት። ዕቃ ከወረወረ ወይም ሰው ካስለቀሰ ሦስት። ለማንም አይነገርም፣ ለባለቤቱም አይታይም። ሰውየው ሲሻሻል ክሩ ይፈታል። ልክ ነኝ?

በዚህ ወር የሦስት ጌታ መጥቶልናል። ስሙን ስለማናውቅ ወርዋሪው ብለነዋል። ከደጃፉ ሳያልፍ፣ በሰው አናት ላይ፣ ሰባት ነጭ ሸሚዝ በከረጢት አድርጎ ባንኮኒው ላይ ይወረውራል። «ለማክሰኞ» ይልና ጣቱን ቀጭ አድርጎ ይሄዳል። እንደምን አደራችሁ የለ፣ እግዜር ይስጥልኝ የለ። ባለፈው ከረጢቱ የባለመድኃኒቷን መነጽር ከፊቷ ላይ ይዞት ወረደ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዞር እንኳ ሳይል ወጣ። ዝምተኛው ተኳሻችን (አዲስ ደንበኛ ተኳሽ ስንለው አሁንም ወታደር እየመሰለው ይደነግጣል) የእሱን ሸሚዝ ከሁሉም አሳምሮ ይተኩሳል። ለምን ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀልኝ። በዓመት አስር ቃል የሚናገር ሰው በዚህ ላይ አንዱን አያባክንም። እኔ ግን ቆሽቴ አረረ፤ የሸሚዞቹን ኮሌታ በአሚዶ ጣውላ አደረግሁለት። አንገቱን ይፋቀው ብዬ ነው።

እቴቴ፣ ልመጣ እፈልጋለሁ። ስጠይቅዎ ይህ ሦስተኛዬ ነው። እናቴ በተቀበረች ሳምንት ባንኮኒው ላይ ስለተናገርኩት ቃል ፊት ለፊት ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ስንኖር ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እርስዎም አንድ ቀን አላነሱትም። በደብዳቤ የሚባል ነገር አይደለም። ይፍቀዱልኝ።

ምላጭዎ

ጥቅምት 16 ቀን

ለምላጬ፣

ደብዳቤሽ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ደረሰኝ። ትራሴ ስር አድርጌው ተኛሁበት።

እዚህ ጠዋት ጠዋት ጉም ከሀይቁ ይወጣል። መጀመሪያ ዳርቻውን ይወስደዋል፣ ከዚያ ወንበሮቹን፣ ከዚያ ዛፎቹን። ረፋድ ላይ አንድ በአንድ መልሶ ያስቀምጣቸዋል። አልጋዬ መስኮቱ ጋ ነው። እንቅልፍም ንቃትም ባልሆነ ሰዓት ሸሚዞች በጉሙ ውስጥ ሲሄዱ አያለሁ፤ ሰው የለባቸውም፣ ሸሚዝ ብቻ። በመስኮቴ ሲያልፉ ኮሌታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ይነሱኛል። ሰው ሳይገባባቸው እንዴት ያሉ ጨዋዎች ናቸው።

«የእጅ ጽሑፉ የማን ነው» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ የነርሷ ነው። ጣቴ ትንሽ አብጧል። ሌላ ነገር የለም።

የአሚዶውን ነገር ሁለት ጊዜ አስነበብኩ። ካንቺ አልጠበቅሁም ልል ነበር፤ ጠብቄያለሁ። ክሩ ለሰውየው ቅጣት አይደለም። መኖሩን እንኳ በማያውቀው ነገር እንዴት ይቀጣል? ክሩ ለእጅሽ ነው። ይህን ከነገርኩሽ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ በአንዱ ጆሮሽ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ደግሞ ይህ ሰው ለምን ባለጌ ሆነ ብለሽ አትመራመሪ። ምክንያት ያለው አለ፣ እንዲሁ ስድ የሆነም አለ። ለሁለቱም ሸሚዝ የሚተኮሰው በአንድ ካውያ ነው።

መምጣቱን ተይው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ላውንደሪውም ባለቤት ይፈልጋል። የቆየ ነገር ደግሞ ሆድ ይፍጀው።

እቴቴሽ

ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለእቴቴ፣

ጉድ ፈልቷል። ቁጭ ብለው ይስሙኝ፤ ተኝተውም ከሆነ እንደተኙ ይስሙኝ።

ትተውልኝ የሄዱት ቀይ ክር አለቀ። አዲስ ገዛሁ። ያንኑ ዕለት ወርዋሪው ወረወረና ንዴቴ ሳይበርድ መርፌ አነሳሁ፤ በሰባቱም ሸሚዝ ላይ ሦስት ሦስት። ክሩ በጨውና በኮምጣጤ ካልተቀቀለ ቀለም እንደሚለቅ የማያውቅ ቢኖር መንገደኛ ነው። እኔ አውቃለሁ። አውቄም ረሳሁት። ነጩን ልብስ በፈላ ውሃ ከተትኩት፣ ሳወጣው ሰባቱም ማጅራታቸው ላይ ሮዝ ቀለም አብቅለዋል። ባለ ከንፈር ቀለም ሴት ተራ በተራ የሳመቻቸው ነበር የሚመስሉት። ሚስት ካለችው አለቀለት አልኩ። ደጋግሜ አጠብኩ፣ አልለቅም አለ። በመጨረሻ ባያየው ብዬ አጣጥፌ ሰጠሁት።

አየው። በማግስቱ መጣ፤ አልወረወረም። አንዱን ሸሚዝ ባንኮኒው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠና ኮሌታውን ገልብጦ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«የመደርደሪያ ቁጥር ነው» አልኩት።

«ሦስት?»

«አዎ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ።»

ከበስተኋላዬ የካውያው ድምፅ ቆመ። ዝምተኛው አንገቱን ቀና አድርጎ ያየኝ ነበር። ባለመድኃኒቷም ተራዋን ይዛ ቆማ ሰምታለች። ሰውየው ሸሚዙን አጥፎ ብብቱ ስር አደረገና ወጣ። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ምን ላድርግ? ያለፈው ደብዳቤዬ ላይ ስለ ሐኪሙ ለጠየቅሁዎ ደግሞ መልስ አልሰጡኝም።

ምላጭዎ

ኅዳር 12 ቀን

ለምላጬ፣

ያልተቀቀለ ክር፣ ያውም ነጭ ልብስ ላይ። ይህን ስሰማ ከበሽታዬ ይልቅ ይህ አመመኝ።

እውነቱን ንገሪው። ሳታሳጥሪ፣ ሳታሳምሪ። ዋሽተሽ ከምታቆዪው ላውንደሪ፣ ተናግረሽ የምትዘጊው ይሻለኛል።

ሐኪሙ ደህና ሰው ነው። ሲያናግረኝ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ምናልባት ጣሪያው ያፈስ ይሆናል።

ወረቀቱ ላይ ያለው እድፍ ውሃ ነው። ብርጭቆ ወድቆ ነው። አሁንም አትምጪ።

እቴቴሽ

ኅዳር 27 ቀን

ይድረስ ለእቴቴ፣

ነገርኩት። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ላውንደሪው በሰው ተሞልቶ፣ «ጌታዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ» ብዬ ጀመርኩና ሕጉን ከአንድ እስከ ሦስት አወረድኩለት። የአሚዶውንም አልደበቅሁም። 

«ከሦስት በላይ አለ?» አለ።

«የለም።»

«ሌላ ሦስት ያለው አለ?»

«በዚህ ዓመት ብቻዎን ነዎት።»

ወደ በሩ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። «እንደምን ዋላችሁ» አለ፤ አዲስ ጫማ በልኩ እንደሚሞክር ሰው፣ ቆንጠጥ እያለው። እኔም ደህና አልኩት። በሳምንቱ ግን እንደገና ወረወረ። ልዩነቱ ከደጃፉ ሳይሆን ከባንኮኒው አጠገብ ሆኖ ነው። መሻሻል ነው እንበል፣ እቴቴ?

መንገዱ ሁሉ ግን ሰማ። አሁን ሰው ቤቱ ገብቶ ኮሌታውን ሲገለብጥ ነው የሚውለው። ደንበኛው ሁሉ ገና ከመንገድ ማዶ ሰላምታ ይጀምርና ባንኮኒው ጋ ሲደርስ ሦስተኛውን ይላል። ትናንት አንዱ ለማጠቢያ ማሽኗ ባርኔጣውን አነሳላት።

ከዚያ ባለመድኃኒቷ መጣች። ባሏ ጥሏት የሄደ ዓመት ትለብሰው የነበረውን ሰማያዊ ካፖርት ይዛ ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ ከሳጥን አውጥታው አታውቅም። ሁለት ስፌት አለበት፣ የእርስዎ እጅ ነው። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ እሷ ግን እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። «ያን ጊዜ አፌ መርዝ ነበር፣ ሰው ሁሉ ሸሸኝ። አክስትሽ ብቻ ልብሴን ስትሰጠኝ ቁልፉን ሳይቀር ቆልፋ፣ ቀስ ብላ፣ እጄ ላይ ታደርግልኝ ነበር። ሌላውን ደንበኛ እንዲያ አታደርግም። ምን አይታብኝ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

እሷ ስትወጣ አንድ ነገር ውስጤ ገባ። ቤት ሄጄ፣ ከሳጥኑ ስር፣ እርስዎ ጋ ስመጣ ለብሼው የነበረውን ቡናማ ካፖርት አወጣሁ። ያን ካፖርት እርስዎ ብቻ ነበሩ የሚተኩሱት፤ ዝምተኛውን እንኳ አያስነኩትም ነበር። ኮሌታውን ገለበጥኩ።

ሦስት ነው፣ እቴቴ። ክሩ ደብዝዞ የሸክላ መልክ ይዟል። የተቀቀለ ስለሆነ አልለቀቀም።

እንደሚገባኝ አውቃለሁ። በሰው ፊት፣ ሰው በተሞላ ቤት፣ «በእናቴ ፈንታ አንቺ ብትሞቺ ይሻል ነበር» ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ያን ጊዜ አንሶላ ያጥፉ ነበር። አጥፈው ጨረሱ፣ ሌላ አነሱ፣ እሱንም አጠፉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁ። የሚጠፋኝ ሌላ ነው። ሰው ሲሻሻል ክሩን ይፈቱ አልነበር? የኔን ለምን ተዉት? አሁንም ሦስት ነኝ ማለት ነው? ይህን ሳልሰማ መኖር አልችልም። ቅዳሜ ባቡር አለ። እመጣለሁ።

ምላጭዎ

ታኅሣሥ 1 ቀን

አትምጪ ብዬሻለሁ። ስንት ጊዜ ልበል? ጆሮ የለሽም? ያኔ አፍሽ ይቀድምሽ ነበር፣ አሁን ደግሞ እግርሽ። ካፖርቱን እሳት ጨምሪው። እኔ የማንም መጎብኛ አይደለሁም። እዚህ የሚመጣው ሁሉ በር ላይ ፊቱን አሳዝኖ ነው የሚገባው፤ ካንቺ ደግሞ ያንን ፊት ማየት አልፈልግም። ብትመጪ አላስከፍትም። የራስሽን ሥራ ሥሪ፣ ክር መቀቀል እንኳ ያቃተሽ።

(ይህን የጻፍኩት እንዳሉኝ ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ ሁለት ስድብ ግን ቀንሻለሁ። — ነርሷ)

ታኅሣሥ 19 ቀን

ለምላጬ፣

ለዚያ ደብዳቤ ምን ትመልስ ይሆን እያልኩ ስምንት ቀን ጠበቅሁ። የመጣልኝ አንድ መስመር ነው፤ «እንደምን አደሩ፣ እቴቴ።» ከዚያ በሦስተኛው ቀን ሌላ፤ «እንደምን አደሩ፣ እቴቴ።» ዛሬም ሌላ። በቅዳሜው ባቡርም አልመጣሽም። ይህን ዘዴ ማን እንዳስተማረሽ አውቃለሁ፣ ስለዚህ መናደድ እንኳ አልቻልኩም።

እሺ፣ ልናገር። ነርሷ ብዕሯን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ምንም እንዳትቀንስ ነግሬያታለሁ።

ጣቴ አብጧል ያልኩሽ ውሸት ነው። ጣቶቼ ከጥቅምት ጀምሮ አይሰሙም። ሙቁን ከቀዝቃዛ፣ ሐሩን ከጆንያ አይለዩም። እንፋሎቱን በእጄ ብቻ ለክቼ የካውያውን ግለት የማውቅ ሴትዮ ዛሬ ማንኪያ የምጎርሰው በሰው እጅ ነው። ሐኪሙ ጣሪያ የሚያየው ጣሪያው ስለሚያፈስ አይደለም። ብርጭቆውም አልወደቀም፤ ወርውሬው ነው። ነርሷ ላይ ነው የወረወርኩት። ትከሻዋን መታት። ለቀመችው፣ ወለሉን ጠረገች፣ ወጣች፤ ከዚያ እንደገና በሩን ከፍታ «እንደምን አደሩ» አለችኝ፣ ቀኑ ያን ጊዜ የጀመረ ይመስል። ከዚያ በኋላም ሁለት ወርውሬያለሁ። ያንቺ ወርዋሪ እኔ ዘንድ ቢመጣ ወንበር እስብለታለሁ። ይህን ነው እንዳታዪብኝ የፈለግሁት። ሕመሙን ማየትሽ አልነበረም የከበደኝ፣ ስድነቴን ነው።

አሁን የካፖርትሽን ነገር ስሚ። ሦስቱን የሰፋሁት ያንኑ ዕለት ነው። ይቅር አላልኩሽም ነበር። እህቴን ቀብሬ ስመለስ ልጇ እንዲያ አለችኝ፤ እንዴት ይቅር ልበል? ከቤት ላስወጣሽ የተነሳሁበት ቀን ነበር። ግን በየሳምንቱ ካፖርትሽን ስተኩስ አውራ ጣቴ ክሩን ያገኘዋል፣ ክሩን ሲያገኝ እጄ ይዘገያል፣ እጄ ሲዘገይ ምላሴም ይዘገያል። እንዲህ አድርጌ አራት ዓመት በአውራ ጣቴ ያዝኩሽ። ክሩ ለእጅሽ ነው ያልኩሽ ይህን ነው። የሰውየውን ባሕርይ አያስተካክልም፤ ያንቺን እጅ ያዘገየዋል እንጂ።

መቼ ይቅር እንዳልኩሽ አላውቅም። አንድ ቀን ካፖርቱን ተኩሼ፣ ሰቅዬ፣ ሻይ ልጠጣ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ክሩን እንዳላገኘሁት ትዝ አለኝ። ተነስቼ አየሁት፣ ቦታው ላይ ነው። ጣቴ ነው ሳይቆም ያለፈው። መቀስ አንስቼ ልፈታው ነበር፣ ከዚያ ተውኩት። አራት ዓመት አብሮኝ የሠራ ክር ነው፤ እንዴት ቆርጬ እጥለዋለሁ። እንጂ ሦስትም ሁኚ አንድም ሁኚ ረስቼዋለሁ።

ጉሙ ዛሬ ዘግይቷል። ሸሚዞቹም አልመጡም።

ከዚህ ጋር የሌሊት ልብሴን ልኬልሻለሁ፣ ባለ ኮሌታውን። እጠቢልኝ፤ እዚህ ያሉት መተኮስ አያውቁም። ስትተኩሺው ኮሌታውን በዓይንሽ አትፈልጊው። በእጅሽ ብቻ ዘርጊው።

እቴቴሽ

ታኅሣሥ 26 ቀን

ይድረስ ለእቴቴ፣

እንደምን አደሩ።

የሌሊት ልብስዎ ደረሰ። ለብቻው አጠብኩት፣ በለብ ያለ ውሃ። ጥላ ውስጥ አደረቅሁት። ካውያው እስኪግል መስኮቱ ላይ የተኛውን እንፋሎት ሳይ ቆየሁና፣ ዓይኔን ጨፍኜ ኮሌታውን በእጄ ዘረጋሁት።

አውራ ጣቴ አገኘው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ጠማማ ናቸው። ሁለተኛው ከኮሌታው ሊወርድ ምንም አልቀረውም፣ ሦስተኛው አጠገብ የመርፌ ጫፍ የምታህል የደም ነጥብ አለች። በማይሰሙ ጣቶች ስንት ቀን ፈጀብዎ? ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ነርሷ እንዳሾለከችልዎ ጽፋልኛለች፤ ስፌቱን ግን አላስነካ አሉኝ ብላለች። ክሩ አልለቀቀም። እዚያ ሆነው ማንን ልከው በኮምጣጤ አስቀቀሉት?

ባንኮኒው ላይ አስቀምጬው አለቀስኩ። ወርዋሪው እዚያው ቆሞ ነበር። አየኝና ከረጢቱን ከእጁ ሳይለቅ ወንበሩ ላይ አኖረው፤ ማክሰኞ እንኳ አላለም። ዝምተኛውም ካውያውን አቁሞ መጣ፣ ኮሌታውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ «ሐሙስም ባቡር አለ» አለ። ሦስት ቃል፣ ለአዲስ ዓመት ያስቀመጠው ይሆናል። ላውንደሪውን እሱ ይይዘዋል።

የእርስዎን ክር አልፈታሁም፤ የኔንም እንዳይፈቱብኝ። ቡናማውን ካፖርት ለብሼ ነው የምመጣው። ፊቴን በር ላይ አላሳዝንም፣ ቃሌ ነው። ብርጭቆዎቹን በላስቲክ እንድትቀይር ለነርሷ ጽፌላታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንደልብዎ ይወርውሩ።

ሐሙስ ከሰዓት በርዎ ላይ ቆሜ «እንደምን ዋሉ፣ እቴቴ» እላለሁ። ቢቆጡ፣ ቢሳደቡ፣ ፊትዎን ወደ ሀይቁ ቢያዞሩ፣ እወጣና በሩን ዘግቼ እንደገና ከፍቼ እላለሁ።

ምላጭዎ